ምብራትና የልጇ መድኃኒት ቤት

ምብራትን የማያውቅ ሰው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ተሻግሬያለሁ ባይል ይሻለዋል። እዚያው ድልድዩ አጠገብ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክርና መርፌ ትሸጣለች። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ ወይ እሷ ወይ ዚፑ መውጣት አለበት። ቁልፍ መሸጡ ግን ሰበብ ነው፤ ዋናው ሥራዋ ማወቅ ነው። ማን ታጨ፣ ማን ተፋታ፣ የማን ባል "ስብሰባ ነበረኝ" እያለ የት እንደሚሰበሰብ። አንድ ጊዜ የወርቅ ሠሪው ልጅ ሊዳር መሆኑን ለራሱ ለልጁ የነገረችው እሷ ናት፤ ቤተሰቦቹ ሊነግሩት ገና ቀን እየጠበቁ ነበር።

ስታወራ ደግሞ ሰውየውን ራሱን አምጥታ ነው ፊትህ የምታቆመው። ስለ ታክሲ ረዳት ካወራች ግማሽ ገላዋ ከበር ይንጠለጠላል። የወረዳውን ጸሐፊ ካወራች መነጽር ሳይኖራት ከመነጽር በላይ ታይሃለች። ትምህርቷ እስከ ስድስተኛ ነው። "ሰባተኛንም በዝና አውቀዋለሁ" ትላለች።

ይቺ ሴት አንድ ልጅ አለቻት፣ ሜላት። ሜላት ኬሚስትሪ ተምራ ተመረቀችና ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አፍጥጣ አፍጥጣ ዓይኗ ሊፈስ ሲል፣ አንድ ቀን ገብታ፦

"እማ፣ ሥራ አገኘሁ" አለች።

"የት?"

"ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት።"

"ምን ልትሠሪ?"

"ቅመማ" አለች ሜላት፣ ጫማዋን እየፈታች፣ ቀና ሳትል።

ያቺን ቀና አለማለት ሌላ ጊዜ ቢሆን ምብራት ቀለብ ታደርጋት ነበር። የዚያን ቀን ግን ደስታ ዓይኗን ጋረደው። በማግስቱ ማኪያቶ ቤቶቹ ወንበር ሳያወጡ ድልድዩ በሙሉ ሰምቷል። "ልጄ መድኃኒት ቀማሚ ሆነች፤ ነጭ ጋውን ነው የምትለብሰው።" ውላ ስታድር ደግሞ ራሷም ግማሽ ሐኪም ሆና ቁጭ። የሱሪ ዚፕ ሊገዛ የመጣውን ሰውዬ "እስቲ ምላስህን አውጣ" ትለዋለች። ማኅበር ላይ "ልጄ እንደምትለው..." ካላለች ጠላው አይወርድላትም። ዕድሜ ልኳን የሰው ልጅ ወሬ ስትቸረችር ኖራ የራሷን አገኘች እኮ። ይሄ ወሬ ቢወድቅባት ድልድዩን በየትኛው ፊቷ ትሻገረዋለች?

ነገሩ ግን ሽታ ነበረው፤ የምር ሽታ። ሜላት ቤት ስትገባ ጃኬቷ የብርቱካን ልጣጭ፣ ናና እና ቅርንፉድ ይሸታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል።

"ይሄ የምን መድኃኒት ነው?"

"የብዙ ነገር ነው፣ እማ።"

ምብራት ይሁን ብላ ዋጠችው። ከዚያ ግን ፈይሩዝ፣ እዚያው ጎኗ ሻሽና ካልሲ የምትሸጠው፣ ካልሲ እያጠፈች፣ "ምብራትዬ፣ ለመሆኑ ሌላው ሲዘጋ የሚከፍት መድኃኒት ቤት የትኛው ነው?" አለቻት። ብላ ወደ ካልሲዋ ተመለሰች። እንደዚህ ያለ ነገር ምብራት ጆሮ ውስጥ ከገባ እንደ ትንኝ ነው፤ አያስተኛም።

ሰበብ ሩቅ አልነበረም። ጋሽ ግደይ፣ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ግቢ የሚጋሩ ጎረቤቷ ናቸው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን "ከልጃችን እጅ ነው የምገዛው" ካሉ ቆይተዋል፤ ሜላት ናት "እኛ ቤት የለም" እያለች የምትመልሳቸው። ማክሰኞ ማምሻውን ምብራት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሼባውን አስከትላ፣ ወደ ፒያሳ ወጣች።

ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ማፍረሻ ያልደረሰበት አሮጌ የድንጋይ ቤት ሥር አገኙት። በደበዘዘ ቀለም "መድኃኒት ቤት" ይላል። መስኮቱ ላይ ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ውስጡ ሁለት ሰው ቢቆምበት ሦስተኛው ይቅርታ የሚጠይቅበት ክፍል ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰመረ የሚባል ልጅ ከጠባብ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል።

"ምን ያምዎታል?" አለ፣ ጋሽ ግደይን።

"ደም ግፊት" አሉ ጋሽ ግደይ፣ ባዶ የኪኒን ፓኬታቸውን እያሳዩ።

ሰመረ ፓኬቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። "እሱን... መንገዱን ተሻግረው ያለው ቤት ይሞክሩ፣ አባባ።"

"እናንተ መድኃኒት ቤት አይደላችሁም?"

"ነን። የኛ ለሌላ በሽታ ነው።"

ይሄኔ አንዲት ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ልጅና ጀለሷ ገቡ። ሰመረ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ፊቱ፣ "ምን ያማችኋል?" አላቸው።

"እኔን ሰኞ ገና አልለቀቀኝም" አለች ልጅቷ።

"እኔን አለቃዬ ያመኛል" አለ ልጁ።

ሰመረ ሳይስቅ ተነስቶ ከመደርደሪያው አንዱን ጠርሙስ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። መደርደሪያው ከነጠርሙሱ እንደ በር ዞረ። ሙዚቃ ወጣ፣ ሳቅ ወጣ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ወጣ። ሁለቱ ገቡ፤ መደርደሪያው ተመልሶ መደርደሪያ ሆነ።

"ምብራት" አሉ ጋሽ ግደይ ቀስ ብለው፣ "ግድግዳው ሰው ዋጠ።"

"አየሁት።"

"እንሂድ በይ።"

"የት ነው የምንሄደው? ሰው የሚውጥ ግድግዳ ትቼ?"

ጠጋ አለች። ሰመረን ላብ ላብ ብሎታል። "እናት፣ እርስዎንስ ምን ያምዎታል?"

ምብራት ኩላሊት ልትል ነበር፤ ወገብ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ሌላ ነው። "ያላወቅኩት ነገር ያመኛል" አለች። "ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እንቅልፍ ይነሳኛል።"

ሰመረ ፈገግ አለ። "ይሄን በሽታ እስካሁን ማንም አላመጣልንም። አባባስ?"

"እሳቸው አስታማሚዬ ናቸው።"

ጠርሙሱ ተሳበ።

ውስጡ መብራቱ ቁጥብ ነው። ዓይኗ እስኪለምድ ምብራት በአፍንጫዋ ነው የሄደችው። ከዚያ ረጅም የእምነ በረድ ባንኮኒ አየች፤ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ ልጇን። ጋውኑስ እውነት ነው፣ ነጭ ነው። ሜላት የመጠጥ ማደባለቂያ የብረት ዕቃ ጆሮዋ አጠገብ ይዛ እንደ ጸናጽል ታንሿሿዋለች። ፊት ለፊቷ ክራባት ያላላ ሰውዬ ተቀምጦ የሆዱን ይዘረግፋል። ሜላት "እሺ" ትላለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሰውየው ይጨምራል። እንደገና "እሺ"፣ እንደገና ይጨምራል። ምብራት ያንን አነቃነቅ አወቀችው። ዚፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ወሬ ጀምሮ ሲያመነታ የምትነቀንቀው የራሷ ነው። ቤት ውስጥ ከሁለት ቃል በላይ የማትተነፍስ ልጅ በሁለት ቃል አገር ታናግራለች።

ሜላት ዞረች። "ቀጣይ፣ ምን ያም..." አለችና ዕቃው እጇ ላይ ቀረ። "እማ።"

"ደህና አመሸሽ፣ ዶክተር?"

"አልዋሸሁሽም።"

"አልዋሸሽም፤ እውነቱን እንደ ኪኒን ለሁለት ከፍለሽ ግማሹን ነው የሰጠሽኝ።"

"በነጋታው ልነግርሽ ነበር" አለች ሜላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በነጋታው አንቺ ለድልድዩ ሁሉ ነግረሽ ጠበቅሽኝ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልግባ?"

"አሁን እኔስ በየት በኩል ልውጣ? ልጄ መጠጥ ቤት ነው የምትሠራው ልበል?"

"እማ፣ እዚህ ከጮህሽ ነገ ሥራ የለኝም። ቤት ስቀመጥ አይተሽኛል።"

አይታታለች። ያኔ ሜላት ግድግዳ ስታይ ነበር የምትውለው። ምብራት የተሰበሰበ ጩኸቷን መልሳ ዋጠችና ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ረጅም ስለሆነ ጋሽ ግደይ ደገፏት።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ለኔስ ምን አለ?" አሉ ጋሽ ግደይ፣ ነገር ማብረጃ።

"እርስዎ ኪኒን ላይ ነዎት፤ መጠጥ የሚባል የለም" አለች ሜላትና ዝንጅብል፣ ሎሚና በረዶ አድርጋ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ቀመስ አደረጉና፣ "ይሄ ዝንጅብል ያናግራል" ብለው ክራባት ያላላውን ሰውዬ ሰላም አሉት።

ለእናቷ ትንሽ ብርጭቆ አመጣች። የጥብስ ቅጠል ጫፉን በክብሪት ለኮሰችና ጭሱን ብርጭቆው ውስጥ አፍና ቀዳችበት። ምብራት ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

"አረቄ አለው። ማር አለው። ሎሚም አገኘሁት። አንዲት ነገር ግን አለች፣ ምላሴ ላይ የምትደበቅ።"

"አለች።"

"ምንድን ናት?"

"አይነገርም፣ የቤቱ ምስጢር ነው።"

"ለእናትሽም?"

"በተለይ ለእናቴ" አለች ሜላት፤ ይሄኔ ነው ሁለቱም የሳቁት።

ማታ የተሳቀው ሳቅ ግን ጠዋት ድልድይ አያሻግርም። በማግስቱ ምብራት ሱቋ እስክትደርስ ውሸት ስታማርጥ ነበር። ፋርማሲው ተዛወረ ብትልስ? ወይ ልጄ እድገት አግኝታ... ፈይሩዝ ካልሲ እያጠፈች ጠበቀቻት።

"እህ፣ መድኃኒት ቤቱን አየሽው?"

ምብራት ያማረጠችው ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ያቺን ልጅ ግን ከባንኮኒው ኋላ ቀጥ ብላ ቆማ አይታታለች፤ የትኛውም ውሸት ያንን የሚያክል አልሆን አላት።

"መጠጥ ቤት ነው" አለች። "ልጄ የምትቀምመው መጠጥ ነው። ደግሞ ታውቅበታለች። በይ አሁን ሳቂ።"

ፈይሩዝ አልሳቀችም። "እናውቃለን" አለች።

"እነማን?"

"ሁላችንም። ወርቅ ቤቶቹ ያውቃሉ፣ ታክሲዎቹ ያውቃሉ። የወረዳው ጸሐፊማ ሄዶ ጠጥቷል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሥራ ከጀመረች ሳምንት ሳይሞላት።"

"ለኔ ትንፍሽ ያለ የለም።"

"እንደዚያ ደስ ብሎሽ? እኔ ፍንጭ ሰጠሁሽ፤ ከዚያ በላይ የማን ልብ ይችላል?"

ምብራት ዚፕ እንደያዘች ቆመች። ኀፍረቱን ሆዷ ውስጥ ፈለገችው፤ ያገኘችው ግን ያንኑ የልጅነት በሽታዋን፣ ያላወቀችውን ነገር ነው። ያ ሁሉ አፍ፣ እሷ ራሷ አሠልጥና ያሳደገችው የሰፈር አፍ፣ ስለ እሷ ሲያወራ ከርሞ እሷ አንዲት ቃል አልሰማችም። በርጩማዋን ጎትታ በፈይሩዝ ካልሲዎች መሀል ተቀመጠች።

"ካልሲውን ተይው" አለች። "ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ማን ምን አለ? የጸሐፊውን ደግሞ በራሱ ድምፅ አድርጊልኝ።"