ወደ ግራ የምትጎትተው መኪና

ኢጋራሺ ቶኩጂን ማንም ሰው «አሞዎታል» አላላቸውም። አለቃችን ኩዋባራ እስከ ዛሬ የሚመጻደቁት በዚህ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላለም። እኛ ሰውን አንድ ክፉ ቃል ሳንናገር ማሳመም እንችልበታለን።

ኢጋራሺ ሳን («ሳን» እኛ አገር የአክብሮት መጠሪያ ነው) እዚህ የጃፓኗ ሐማማትሱ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተው፣ አንድ ሰው ሳይነኩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ እኛ ጋ ተቀጠሩ። ድርጅታችን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ይሠራል። የእሳቸው ሥራ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የታሰረ መሪ ይዘው፣ ስክሪን እያዩ ቀኑን ሙሉ መንዳትና ያገኙትን ጉድለት በወረቀት ጽፈው ማቅረብ ነበር። የታክሲ ልማዳቸው ስላልለቀቃቸው ጠዋት ጠዋት ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ነው የሚቀመጡት። ጌሙን አብረዋቸው የሚሞክሩት ወጣቶቹ ነጂዎች በዚያ ይቀልዱባቸዋል።

«ታክሲ! ባዶ ነው?»

«ለአንተ ሁልጊዜም ሙሉ ነው» ይሉና መንዳታቸውን ይቀጥላሉ።

እሁድ እሁድ በራሳቸው ትንሽ መኪና ተራራው ላይ ወዳለው መጦሪያ ቤት ይወጣሉ። ባለቤታቸው ሳካዬ እግራቸው አልሄድ ብሏቸው የሚኖሩት እዚያ ነው። ሰኞ ጠዋት ሳካዬ ምን እንዳሉ፣ ምን እንደበሉ ሳንጠይቃቸው ይነግሩናል።

እኔ ኖናካ እባላለሁ። የጌሟ መኪና ክብደት ወዴት እንደሚያጋድል፣ ጎማዋ መንገዱን እንዴት እንደሚነክስ የሚያሰላውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። በግንቦት ወር ከኢጋራሺ ሳን አንድ ወረቀት መጣልኝ፦ «ቀጥታው መንገድ ላይ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታለች። በጣም ትንሽ።» አሥር ዙር ነዳሁ፤ ምንም የለም። የግራና የቀኝ ጎማዎቹን ቁጥሮች አስተያየሁ፤ አንድ ናቸው። እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ጉዳይ የሚዘጋበት ቃል አለ፦ «እንደታቀደው ነው»። እሱን ጻፍኩበት። ከሥሩ የአራት ሰው ማኅተም ይመታል፤ የአለቃው በግራ ጥግ፣ የበታቾቹ በየተራ ወደ ቀኝ። የበታች ማኅተም ታዲያ ቀጥ ብሎ አይመታም። እጅ እንደሚነሳ ሰው ወደ አለቃው፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ጎንበስ ይላል።

ሰውየው አሥራ አንድ ጊዜ ጻፉ። በአሥራ አንደኛው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«ኖናካ ሳን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይችው መኪና ዛሬም ጎተተች።»

«ሌሎቹም እኮ ነድተዋታል፣ ኢጋራሺ ሳን። ምንም አላገኙም።»

«እነሱ መሪውን አንቀው ነው የሚይዙት። እኔ ኋላ የተኛ ተሳፋሪ እንዳይነቃብኝ ነው የምነዳው።»

ይህን ሰምቼ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ታክሲ ነጂ የእኔን ስሌት ሲያርም ደሜ ፈላ። ወረቀቱ ላይ «ከነጂው እጅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ፤ አራቱ ማኅተሞች ተመቱበትና ወደ እሳቸው ተመለሰ።

ኩዋባራ በማግስቱ ሻይ ይዘውላቸው ሄዱ። «እንዲያው ድካም ቢጤ አይሰማዎትም? ለራስዎ ይጠንቀቁ እንጂ» አሏቸው። ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ኢጋራሺ ሳን የሚበሉበትን ቀጭን እንጨት አየር ላይ ይዘው እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሲያዩ አያቸው ነበር። ነሐሴ ላይ ሥራውን ለቀቁ። አበባ ሰጠናቸው፣ አጨበጨብን። በሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው መለሱ። እኛ አገር እንዲህ ያደረገ ሽማግሌ ይመሰገናል። «እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው!» አሉ ኩዋባራ፤ እኔም «ልክ ነዎት» አልኩ። ወደ ተራራው የሚወጣው አውቶቡስ ረቡዕ ብቻ መሆኑን ማንም አላነሳም።

ኅዳር ላይ ጌሟን ለሃያ አራት ሰዓት ውድድር ስናዘጋጅ፣ መኪናዋን ማለቂያ በሌለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አቆምኳት፤ መሪዋን ቀጥ አድርጌ ቆልፌ፣ ያለ ነጂ ለቀቅኳትና ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ከመንገዱ ወጥታ በግራ በኩል ሣር ውስጥ ትሄዳለች። መሪው ላይ ማንም አልነበረም። እጅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ነፋሱን አጠፋሁ፤ ጎተተች። ሞተሩን አጥፍቼ ገፋኋት፤ ጎተተች። የግራውን ጎማ ከቀኙ ጋር አቀያየርኩ፤ አሁንም ወደ ግራ። በመጨረሻ ጎማዎቹ የሚሰሉበትን ተራ ገለበጥኩት፤ ወደ ቀኝ ሄደች። ኮምፒዩተሩ አራቱን ጎማዎች አንድ በአንድ ነው የሚያሰላው። እኔ ደግሞ የፊት ግራውን አስልቶ እንደጨረሰ፣ ሌሎቹን ሳይጠብቅ፣ መኪናዋን እንዲያንቀሳቅስ አድርጌዋለሁ። አራት ሰው ቁም ሣጥን ሲሸከም አንዱ ቀድሞ ብድግ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የምታጋድለው ከፀጉር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በየሰከንዱ ብዙ መቶ ጊዜ። አሥር ዙር ነድቶ ለሚያቋርጥ አይታወቅም፤ እንደ አዲስ ሲጀመር ይጠፋል። መሪ አንቆ ለያዘም አይታወቅም። እርማቱ አራት መስመር ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ኩዋባራ ዘንድ ገባሁ።

«ጎበዝ! ተስተካከለ አይደል?»

«የኢጋራሺ ሳንስ ነገር? የይቅርታ ደብዳቤ እንጻፍላቸው።»

«ምን ብለን? አሞዎታል ብለናቸዋል እንዴ? ያረፈ ሰው ለምን ትቀሰቅሻለሽ?»

ወረቀቱ ላይ «መጠነኛ ማስተካከያ» ተብሎ ተጻፈ። ማኅተሜን መታሁ። ኋላ ላይ ሳየው ወደ ግራ አጋድሏል። አስቤበት አልነበረም፤ እጄ ለምዶታል።

እሁድ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ለማድረቅ የላጡትን ተርኪም የሚባል ፍሬ በገመድ እየሰቀሉ አገኘኋቸው። እንደቆምኩ ነገርኳቸው።

«መኪናዋ ነበረች?» አሉ።

«መኪናዋ ነበረች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የያዙትን ገመድ አስረው ጨረሱ። ከዚያ ከኪሳቸው መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡ። ፖሊስ ፈቃድ ለመለሰ ሰው ካርዱን በስቶ ለማስታወሻ ይሰጠዋል። ቀዳዳውን ፊቴ ላይ አደረጉት።

«ይኼን ትደፍኚልኛለሽ?»

አንቺ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እንደገና ቢፈተኑ...»

«እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ? በሰባ ዓመቴ?»

ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። ቀና ማለት አቃተኝ።

«በይ ተነሺ» አሉ። «እሁድ ነው። ሳካዬ ጋ ውሰጂኝ።»

መኪናዬ ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፈቃዱን መመለሴን ሳካዬ አታውቅም። እጄን አሞኝ ለጊዜው ነው ያቆምኩት ብያታለሁ።»

ሳካዬ ሳን ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው በመስኮት ያዩ ነበር። ባላቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አንተ! በእሁድ?»

«እጄ ደህና ነው» አሏቸው ኢጋራሺ ሳን። «ድሮም ደህና ነበር። ጥፋቱ የመኪናዋ ነው።»

ሳካዬ ሳን የባላቸውን ሁለት እጆች ይዘው አገላብጠው አዩ፤ ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እሰይ! እኔስ አላልኩህም? እንግዲያው ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ እየነዳህ ትመጣለሃ!»

ኢጋራሺ ሳን አንድ እጃቸውን አላቀው የተበሳው ካርድ ያለበትን ኪሳቸውን ያዙ። ዞር ብለውም እኔን አዩኝ።