ሳነቴ ላይ ያልደረሰው አደጋ

የመኪና ኢንሹራንስ ልትገዙ ሄዳችሁ፣ ከቢሮው ስትወጡ ምን እንደገዛችሁ ግራ ገብቷችሁ ያውቃል? እኔ መኪና የለኝም። ግን ሮቤ ቤት ያከራዩኝን ሴት ተከትዬ ሦስት ቢሮ ስለዞርኩ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው።

አዴ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ንግዱን የያዙት በአንድ አሮጌ ዳብል ጋቢና ፒካፕ ነው። ትልቁ ልጃቸው ይነዳል። ከሮቤ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ በጎባ በኩል የሳነቴን አምባ ይወጣል፣ በሐረና ጫካ ቁልቁል ወርዶ አንገቱ ከተማ ያራግፋል፤ ሲመለስ ቡናና ማር ይጭናል። ሳነቴ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር የራሱን መኪና አፍንጫ አያይም። ያ ፒካፕ አንድ ቀን ቢወድቅ አዴ ሌላ መግዛት አይችሉም፤ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። ንግዱም እዚያው ያበቃል። ስለዚህ አቅማቸውን የማይፈታተን፣ ጉዳት ሲደርስም የማይክድ ኢንሹራንስ ያስፈልጋቸው ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ «በርሲሳ፣ አብረኸኝ ና» አሉኝ። በርሲሳ ማለት አስተማሪ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ዋጋ የማወዳድርበት ሠንጠረዥ አሰመርኩ። አዴ አዩትና «ጥሩ ነው። ግን ሠንጠረዥህ ሳነቴን ወጥቶ አያውቅም» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ የገባኝ ሮቤ ውስጥ የመጀመሪያው ቢሮ ስንገባ ነው።

አዴ ዋጋ አልጠየቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና አደጋ ያወሩ ጀመር።

«ልጄ ድንች ጭኖ ሲሄድ ሳነቴ ላይ ጉም ያዘው። ሁለት ሴቶች አሳፍሯል። መኪናው ተንሸራቶ ቋጥኝ መታ። ፊቱ ገባ፣ የአንዷ ሴት ክንድ ተሰበረ፣ ድንቹ ሜዳው ላይ ተበተነ። አሁን ልጄ ደወለልህ። ምን ታደርግልናለህ?»

ሠራተኛው ደነገጠ። «መቼ ነው የደረሰው፣ አዴ?»

«አልደረሰም፤ አላህ አያምጣው። ቢደርስ ነው የምልህ።»

«አያስቡ፤ ሁሉንም እኛ ነን።»

«ድንቹንም?»

«ድንቹንም።»

«የሴትዮዋንስ ክንድ?»

«አያስቡ አልኩዎት እኮ።»

ዋጋው እንዲቀልልን ደግሞ መኪናውን ድሮ በተገዛበት ዋጋ እናስመዝግበው አለን። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። አንድ መኪና ዛሬ ከሚያወጣው በግማሽ ዋጋ ከተመዘገበ፣ ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሩ ብቻ ቢገባ እንኳ የጥገናውን ግማሽ ባለቤቱ ይችላል። ርካሽ የመሰለው ነገር ርካሽ የሆነው ግማሹ ስለሌለ ነው። ይህን ውጭ ስነግራቸው አዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ድንች የሚከፍል ፊት የለውም» አሉ።

ሁለተኛው ቢሮ መኪናው ስላረጀ ሙሉ ሽፋን አልሰጥም አለ። የሚሸጥልን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ይኸውም መኪናችን በሌላ ሰውና በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው፣ ማንኛውም ባለመኪና በሕግ የሚገደድበት ነው።

«እንግዲያው ቋጥኙን ትጠግናለህ፣ መኪናዬን እዚያው ትተዋለህ?» አሉት አዴ።

ሰውየው ሳቀ። «ባለቤት ያለው ቋጥኝ ከሆነ፣ አዎ።»

ሦስተኛው ቢሮ ጎባ ነው። የተቀበለችን ወጣት ሴት ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችና ሌሎቹ ያልጠየቁትን ጠየቀች። «ሴቶቹ የት ነበር የተቀመጡት? ጋቢና ነው ወይስ ጭነቱ ላይ?»

አዴ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። በገበያ ቀን ሪራ መንደር ላይ በብርድ የቆመ ሰው ሲለምን ጥሎ ማለፍ ያሳፍራል፤ ጋቢናው ከሞላ ጭነቱ ላይ ይወጣል። አዴ ደግሞ ማንንም ጥለው አልፈው አያውቁም።

«ጭነቱ ላይ ቢሆኑስ?»

«አንከፍልም፣ አዴ። መጫኑም አይፈቀድም። ጋቢና ለሚቀመጡት ግን ትንሽ ጨምረው ማስገባት ይችላሉ።»

«ድንቹስ?»

«ድንቹንም አንከፍልም፤ ዕቃ ለብቻው ነው የሚገባው። መኪናውን ግን አሁን በሚያወጣው ዋጋ እንመዘግበዋለን። ከጥገናው የመጀመሪያውን ድርሻ እርስዎ ይችላሉ፣ የቀረውን እኛ።» ከዚያም ያለችውን ሁሉ ውሉ ላይ እያሳየች አነበበችልን።

ዋጋው ከመጀመሪያው ቢሮ ይበልጣል። የሱቃቸውን ጣሪያ ለመቀየር ያሰቡት ለሌላ ጊዜ ይቀር ነበር። እኔ እያመነታሁ ሳለ አዴ የጋቢናውን ተሳፋሪዎችም አስገብተው ፈረሙ። በባጃጅ ስንመለስ «አይሆንም ማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ይታመናል» አሉኝ። ልጅቷን ወደድኳት፤ አዴን ግን ይበልጥ አደነቅኩ። እንደዚያ ያለ መልስ የሚያወጣ ጥያቄ ይዘው የሄዱት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጉዞ አንገቱ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ስንመለስ ሪራ ላይ ሁለት ጎረምሶች እንደ ልማዳቸው የቡናው ጆንያ ላይ ሊወጡ ሲሉ አዴ ከለከሏቸው።

«አዴ፣ ኢንሹራንስ ገቡና ሰው ረሱ?» አለ አንደኛው።

«አልረሳሁህም። ወገብህ ቢሰበር ማን ያስታምምሃል ብዬ ነው። እናትህን አውቃታለሁ፤ አታስታምምህም።»

ጓደኛው ሳቀበት። ከኋላቸው ግን አንዲት የምታስል አሮጊት ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች፤ ጋቢናው ደግሞ ሞልቷል። አዴ ወደ እኔ ዞሩ።

«በርሲሳ፣ አንተ ወጣት ነህ። ትምህርትም ገና አልተከፈተም።»

ወረድኩ። አሮጊቷ ቦታዬ ላይ ተቀመጠች፤ ፒካፑም ጉሙ ውስጥ ገባ። ከጎረምሶቹ ጋር እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ በዚያ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ውሉ ውስጥ እንዳለ አሰብኩና ብርዱ ቀለለኝ።

ያ አደጋ እስከ ዛሬ አልደረሰም። እናንተም ኢንሹራንስ ልትገቡ ስትሄዱ ዋጋውን ለኋላ አቆዩት። በምትሄዱበት መንገድ የምትፈሩትን አንድ አደጋ፣ ማን የት እንደተቀመጠና ምን እንደተጫነ ሳታስቀሩ ለየቢሮው አውሩ፤ ከዚያ «ምን ታደርጉልኛላችሁ?» በሉ። ማን መልሶ እንደሚጠይቃችሁ እስኪ ሞክሩት።