ባህር ላይ መርዶ አይነገርም

ባህር በሌለበት በጆሃንስበርግ ተቀምጬ ባህር ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አመላልሳለሁ። አባቴ ቴምቢሳ ሰፈር ካለችው ትንሽ ሱቃችን፣ ከስፓዛችን፣ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ፣ «ውሃው የት አለና ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ ኖሯል። ሚድራንድ ያለው መሥሪያ ቤታችን ለነዳጅ ኩባንያዎች ባህር ውስጥ የሚቆፍር ተቋራጭ ነው። ጉድጓዱም ነዳጁም የእነሱ ነው፤ እኛ መሣሪያውንና ሰዎቹን በቀን ሒሳብ እናከራያለን። ድርጅቱ የተጀመረው ማንም ያልፈለገውን አንድ አሮጌ የመቆፈሪያ መድረክ ገዝቶ በመጠገን ነው። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሳወራ እኔው የጠገንኩት ይመስል ደረቴ ይነፋል።

የእኔ ሥራ ተራ ማስጠበቅ ነው፤ ማን ወደ መድረኩ ይሄዳል፣ ማን ይመለሳል። በዚህ አልታማም። ኮሮና መጥቶ ድንበር ሲዘጋ ሰዎቹ ባህሩ ላይ ከረሙ። ሄሊኮፕተር በተፈቀደ ቁጥር ሁሉም እኔ ልቅደም ይላል። ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ጥርሴን አመመኝ፣ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ቀድሞ የሄደ ቀድሞ ይመለሳል፣ አለቀ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ቢሉኝም አልለቅም። ያልተቆጣኝ የለም፤ አዳላችብኝ ያለ ግን አልነበረም።

ከሰዎቹ አንዱ የሆሳዕና ሰው፣ በያጅ ነው። ዲፕስሉት ሰፈር የነበረው ሱቁ ሲዘረፍ የድሮ ሙያውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። እሁድ እሁድ ከመድረኩ እየደወለ አገር ቤት ስላለችው አሮጊት እናቱ ያጫውተኝ ነበር።

አንድ ቀን ቴምቢሳ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሙ ማስኩን አጥልቆ በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆመ። እናታቸው አርፋለች።

«እንዳትነግሪው፣ እህቴ» አለኝ። «ዘመድ በሌለበት፣ ብረት ላይ ቆሞ መርዶ ይሰማል እንዴ? ይምጣና ሽማግሌዎች ይንገሩት።»

አገር ቤት ያለውም እዚህ ያለውም ዘመድ ሁሉ አፉን ለጎመ። አለቃዬ ግን ደንቡ በዕለቱ ይነገረው ይላል አለ።

«ብንነግረው የት ሄዶ ያለቅሳል? ዙሪያው ውሃ ነው። መጀመሪያ እናምጣው» አልኩት።

«ተራው አልደረሰም እኮ። ተራ አይነካም የምትይው አንቺው ነሽ።»

እውነቱን ነው፤ አናደደኝም። በቀጣዩ በረራ ሊመለስ ተራው ለደረሰ አንድ የደርባን ሰው ደወልኩና ቦታህን ልቀቅልኝ፣ ለምን ብለህ ግን አትጠይቀኝ አልኩት። «ሻርፕ፣ ሲሲ» ብሎ፣ እሺ እህቴ ማለቱ ነው፣ ዘጋው። ይህን ሰው እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ለበያጁ ልትመለስ ነው ስለው «እሺ» ብቻ አለ። ደስታ ዝም ያሰኘው መሰለኝ።

ሆቴል ውስጥ የለይቶ ማቆያ ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ በጠዋት በመኪናዬ ወሰድኩት። ወንድምህ ቁርስ ጋብዞናል አልኩት። ቴምቢሳ ልንገባ ስንል ከመስኮቱ ዞሮ አየኝ።

«እህቴ፣ እናቴ ናት አይደል?»

መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ።

«የማንንም ተራ አስቀድመሽ አታውቂም። የእኔን ያስቀደምሽ ዕለት አወቅሁ።»

እንባዬ መጣ። አዋቂ ነኝ ባይዋ፣ መርዶውን በገዛ እጄ ነግሬው ነበር። «ታዲያ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?»

«ብቻዬን ማልቀስ አልፈለግሁም። ደግሞም ለእኔ ብላችሁ ይህን ያህል ለፍታችኋል።»

የወንድሙ ግቢ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ማስካቸውን አድርገው፣ ተራርቀው ቆመዋል። በያጁ ሰላም ብሏቸው ተቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ ከጸሎት ጀምሮ ቀስ እያለ ሲነግረው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።