ደብተርዎን ይዝጉና ይንገሩኝ

ገርጂ ባለው ትምህርት ቤት የማታውን ሥራ የጀመርኩት የባለቤቴ የታደለ ሙት ዓመት በወጣ በሳምንቱ ነው። ሙት ዓመት ሲወጣ ጥቁር ማውለቅ ወግ ነው። እኔ አላወለቅኩም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌታሁን ማመልከቻዬን አየና ቀና አለ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ቀን የሚያስተምሩት አይበቃዎትም?»

«ቀኑ ይበቃኛል። ማታው ነው የረዘመብኝ» አልኩት።

ሌላ አልጠየቀኝም። ከመሳቢያው ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

ቁልፉ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ከፈተ። ጥግ ላይ አየር የወጣላቸው ኳሶች ነበሩ። ሜዳ የሚያሰምሩበት ኖራ ሽታው ከግድግዳው አይለቅም ነበር። ጠረጴዛና ወንበር ገባልኝ፣ በሩ ላይ «የጥናት ምክር» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፣ ሥራ ጀመርኩ።

በማታው ክፍል ሥርዓት ከላይ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ የክፍል ኃላፊዎችና የትምህርት ዓይነት መምህራን ነበሩ። የእኔ ቦታ በግልጽ አልተነገረኝም። ከመምህር በታች፣ ከዘበኛ በላይ እንደሆንኩ በራሴ ገመትኩ። ትምህርት አላስተምርም። ትምህርት አቋርጠው ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሱ ትልልቅ ሰዎች፣ የተማሩት ነገር እንዴት አብሯቸው እንደሚቆይ እንዲያውቁ መርዳት ነበር ሥራዬ።

ተማሪዎቻችን ሹፌሮች፣ ባለ ሱቆች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ከጎሮ በኩል በጭቃ የሚመጡ የገበሬ ቤተሰቦች ነበሩ። ብዙዎቹ ደብተራቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሚይዙት። በዚህ ዕድሜ ደብተር ይዞ ታክሲ ውስጥ መታየት ያሳፍራቸዋል።

ከዩኒት ሊደሩ የተሰጠኝ መሣሪያ በስቴንስል የተባዛ አንድ ወረቀት ነው። «ጸጥ ባለ ክፍል፣ በቂ ብርሃን ባለበት፣ ለብቻ ተቀምጦ ማጥናት። ማስታወሻን በጥራት ደግሞ መገልበጥ» ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አነበብኩላቸው። ከመካከላቸው ጫልቱ የምትባል ከጎሮ ወተት እያመጣች የምትሸጥ ሴት ነበረች።

«ቲቸር፣ ይሄ ጸጥ ያለ ክፍል ሲገኝ እኔንም ጥሩኝ» አለች። «እተኛበታለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ማታ ቤቴ ስገባ፣ ወረቀቱ የሚለው ክፍል የእኔ ቤት መሆኑ ገባኝ። ጸጥታም፣ ብርሃንም፣ ብቻነትም ነበረበት።

አቶ ሰይድ የሚባል ተማሪ የመጣው አንድ ማታ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ አርባን ያለፈ፣ ተሳቢ መኪና ወደ አሰብ የሚነዳ። የሚነዳበት ድርጅት የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ የሌለው ሹፌር ከመስከረም ጀምሮ መሪ እንዳይዝ ወስኗል። ያላለፈ ጋራዡን ይጠብቃል።

«መሪ የያዘ እጅ ዱላ ይያዝ፣ ቲቸር?» አለኝ። «ልጆቼስ አባታችሁ ምንድነው ሲባሉ ምን ይበሉ?»

ከጋዜጣው ውስጥ ደብተሮቹን አወጣ። እንደዚያ ያማረ ደብተር አይቼ አላውቅም። ርዕሱ በቀይ፣ መስመሩ በማስመሪያ፣ ጽሕፈቱ እንደ ሠርግ መጥሪያ። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ አንድ ፊደል አልሳተም። ወረቀቱ ባዘዘው መሠረት ደጋግሞ ገልብጦታል። የወሩን ፈተና ግን ወድቋል።

«ልብ ስንት ክፍል አላት?» ብዬ ጠየቅኩት።

እጁ ወደ ደብተሩ ሄደ። «እዚህ ውስጥ አለ።»

«ደብተሩ ፈተና ክፍል አይገባም፣ አቶ ሰይድ።»

«እሱ ቢገባ እኔ ውጭ እጠብቀው ነበር» አለና ደብተሩን በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለ። ለቀልዱ አልሳቀም። ነገ ይምጡ አልኩት።

በዚያው ማታ ቤቴ መብራት ጠፋ። የጎረቤት መብራት በርቷል፤ የጠፋው የእኔ ብቻ ነው። ፊውዝ ነው። ታደለ ፊውዝ ሲቀይር ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አብርቻለሁ። እጁ ምን እንደሚሠራ እያየሁ፣ አንዳንዴም «ቀስ በል» እያልኩ። ቆጣሪው ሥር ቆምኩና የትኛውን እንደምነካ ጠፋኝ። ሻማ አብርቼ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩት ለመብራቱ አልነበረም፤ ግን ስለ መብራቱ አሰብኩ። ያን ያህል ዘመን አይቼ እንዴት አላወቅኩትም?

በማግስቱ አቶ ሰይድ ሲመጣ ስለ ሳይንስ አላነሳሁበትም። መንዳት እንዴት እንደተማረ ጠየቅኩት።

«በረዳትነት ነዋ። ጎማ እያነሳሁ፣ ታኮ እያደረግኩ። ከኮምቦልቻ ባቲ የሚወርደውን መንገድ ስንቴ ወርጄዋለሁ! በሕልሜም አውቀዋለሁ እል ነበር። አንድ ቀን አለቃዬን ወባ ጣለውና መሪውን ያዝ አለኝ።»

«እሺ?»

«ወላሂ መንገዱን ሰው ቀየረው እንዴ አልኩ። የትኛው ኩርባ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አላውቀውም። ላቤ በላቤ። ለካስ ረዳት መንገዱን ያየዋል እንጂ አያውቀውም።»

«መቼ አወቁት?»

«መሪውን ከያዝኩ ወዲያ። እየሳትኩ።»

የትናንቱን የመብራት ነገር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አብሽሩ» አለኝ፣ አይዞዎት ሲል። ከዚያም ፊውዙን እኔ ራሴ እንድቀይር፣ እሱ ባትሪ ለማብራት እንኳን እንደማይመጣ ነገረኝ። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፋት እንዳልረሳ ሦስቴ አስደገመኝ። ያን ማታ ቀየርኩት።

እኔም በተራዬ «ደብተርዎን ይዝጉና ይንገሩኝ» አልኩት። «ደም መኪና ነው። ከልብ ተነስቶ ልብ እስኪመለስ ይንዱልኝ።»

ለብቻው ማውራት አፈረ። ስለዚህ ጫልቱን ጠርቼ አጠገቡ አስቀመጥኳት። ደብተሩን እሷ ያዘች፤ ረዳት ሆነች።

«ከቀኙ የታች ክፍል ተነሳሁ» አለ ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ። «ወጣሁ... ወደ መላ ሰውነት ሄድኩ...»

«ገደል ገባህ ሰይዴ!» ብላ ጮኸች። «ሳንባ ጋ ሳትቆም! አየር ሳትሞላ የት ነው የምትሄደው?»

«አንቺ ደግሞ ወተት ላይ ውሃ መጨመር መሰለሽ።»

«የእኔ ወተት ቢቀጥንም ይደርሳል። የአንተ ደም ግን ቀርቷል። ወደኋላ መልስ!»

ወደኋላ መለሰ። ሲስት ደብተሩን አናሳየውም፤ ራሱ እስኪያስታውሰው እንጠብቃለን፤ ካቃተው ብቻ ያየዋል፣ እንደገና ይዘጋል። መንገዱ በአማርኛ ከተያዘለት በኋላ የእንግሊዝኛውን ስም በየጣቢያው ላይ እናስቀምጣለን። አትሪየምና ቬንትሪክል፣ የላይና የታች የልብ ክፍሎች፣ የከተማ ስም ሆኑለት።

ጫልቱን የጠቀማት ግን ሌላ ነበር። የሰማችውን ቤቷ ሄዳ ላም እያለበች ለምራቷ በኦሮምኛ ትነግራታለች። ምራቷ ያልገባትን ስትጠይቃት፣ እሷም እንዳልገባት ያን ጊዜ ታውቀዋለች። በማግስቱ ጥያቄውን ይዛልኝ ትመጣለች። አንድ ባለ ሱቅ ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠ፣ ደንበኛው ሲሄድ የት ላይ እንደቆመ እያስታወሰ ነው የሚያጠናው። ለሁሉም የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ሆነ፦ ከትምህርት ቤት ውጭ በደንብ የሚያውቁትን ነገር እንዴት አወቁት? መልሱ የየራሳቸው ነበር።

አንድ ቀን አቶ ጌታሁን በሩን ከፈተው። ክፍሉ በጩኸት ተሞልቷል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ ክፍል መናኸሪያ ሆነ እንዴ?»

«ቦታ አለ ጋሼ፣ ይግቡ ይግቡ!» አለች ጫልቱ እንደ ወያላ።

አልሳቀም። ወደ ውጭ ጠራኝና ጎረቤት ያለው ክፍል እየተረበሸ መሆኑን፣ የተሰጠኝ ወረቀት ጸጥታን እንደሚያዝ ነገረኝ።

«ፈተና ላይ ዝም ይላሉ» አልኩት። «እዚህ ዝም ካሉ ግን ያወቁና ያላወቁ አይለይም።»

«ሹፌሩ የሚቀጥለውን ፈተና ይለፍ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ ሄደ። ሰይድ አለፈ። አቶ ጌታሁንም ስለ ጩኸቱ መልሶ አላነሳም። እኛም ከዚያ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ገደል ገባን።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ ወንበሮቹን አስተካክዬ እወጣለሁ። የገርጂ መንገድ ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል። በመንገዴ ላይ የዕለቱን ወሬ ለታደለ የምነግረው ይመስል እደረድረዋለሁ፤ ጫልቱ ያለችውን፣ ሰይድ የመለሰላትን። ቤት ስደርስ የሚሰማኝ ሰው የለም። የተደረደረው ወሬ እንደተደረደረ ያድራል። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ የሚያሰጠው ትልቁ ፈተና ደረሰ። ሰይድ ፈተናውን ተፈትኖ በማግስቱ ጭነት ይዞ ወረደ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት እሱ አሰብ ነበር። ዝናብ ነው፤ ወረቀቱ ከመስታወት ጀርባ ነው። ስሙን ፈለግኩ። አልፏል። ጫልቱም አልፋለች። የሰይድን ስም በጣቴ ተከትዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ሰው እንዳያየኝም ዞር ዞር አልኩ።

ከዚያ ወደ ቤት መፍጠን ጀመርኩ። ጃንጥላውን እንኳን አልዘረጋሁም። ለታደለ ልነግረው ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ቁልፍ ሳወጣ ነው ያስታወስኩት። እዚያው ደጁ ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆምኩ። ዝናቡ እስኪያባራ አልገባሁም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ሰይድን ጠበቅኩት። አልመጣም። ጫልቱ ከፍ ባለው ክፍል ተመዝግባ በበራፌ ስታልፍ «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» ትለኛለች፤ ትቸኩላለች።

አንድ ቀን የማላውቀው ሰው፣ ጠና ያለ፣ ፌስታል ይዞ መጣ። ሳይቀመጥ «ሰይድ ሰላም ብሎዎታል» አለኝ። «ሹፌር ነኝ፣ እኔም ዘንድሮ ስምንተኛ ገብቻለሁ። መሪው ከእጁ አልወጣም፣ አልሐምዱሊላህ። ይሄን ቴምር አድርስልኝ ብሎ ነው።»

ደስ አለኝ። ወንበር ሳብኩለት። «ይቀመጡ፤ እርስዎስ እንዴት ነው የሚያጠኑት?»

«ሰይድ ነግሮኛል። ወደ እርስዎ ልምጣ ስለው፣ አያስፈልግህም፣ ደብተርህን ዝጋና ለሚስትህ ንገራት አለኝ።»

«ነገሯት?»

«ነገርኳታ! አሁን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስሳሳት ትሳደባለች።» ሳቀና ሰዓቱን አየ። «ክፍል ረፈደብኝ፣ ቲቸር።»

ሄደ። ያን ዓመት ወደ ክፍሌ ተመልሶ አልመጣም። በዓመቱ መጨረሻ ስሙ ካለፉት መካከል ነበር።

በዚህ ሥራ ላሉ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ሰው ደብተሩን ዘግቶ ለሌላ ሰው የተናገረው ትምህርት አብሮት ይኖራል። ይህን ያወቀ ተማሪ ወደ አማካሪው ተመልሶ አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም።