ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ቃል

ለጦር ኃይሎችና ለቀራንዮ ሰፈር ወዳጆቻቸው፣ ለእድራችን አባላት፣ ከሱቃቸው ክርና ቁልፍ ስትገዙ ለኖራችሁ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ፤ እትዬ ዘነበች ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ዐርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁ ብዙ ናችሁና፣ ጎረቤታቸውም ተማሪያቸውም የነበርኩት እኔ ይህን ጻፍኩላችሁ። እንባዬን ጠርጌ ነው የጀመርኩት። ግን እሳቸውን ሳስታውስ ልቤ በደስታም ይመታል፤ ምን ላድርግ?

እትዬ ዘነበች ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። አባታቸው ሲታመሙ ሱቁን ለመያዝ ትምህርታቸውን ተዉ፤ ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛን የተማሩት ከጣቃ ጨርቅ፣ ከካርቶንና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነው። ያገኙትን ቃል ሁሉ በፊደሉ ብዛት ለይተው ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር፤ ባለ አራት ፊደሎቹ በአንድ ገጽ፣ ባለ አምስቶቹ በሌላ።

ስምንተኛ ክፍል ሆኜ እንግሊዝኛ አልገባ ሲለኝ እናቴ ወደ እሳቸው ላከችኝ። ሰዋስው ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አምስት የሸሚዝ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አራቱ ነጭ፣ የመሀሉ ቀይ።

«ቀዩ ኦ ነው። አምስት ፊደል ያለው፣ መሀሉ ላይ ኦ የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጊ» አሉኝ።

ዚፕ ሊገዛ የመጣ ልብስ ሰፊ የመጣበትን ረስቶ ቆመና «ስቶን» አለ። ታክሲው እስኪሞላ በር ላይ የቆመ ረዳት ደግሞ «ፍሎር» ብሎ ጮኸ። እኔ ከኋላቸው የተደረደረውን ጨርቅ ሳይ ቆየሁና «ክሎዝ» አልኩ። እትዬ ዘነበች እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

«አየሽ፣ ቃሉ ቤት ውስጥ ነበር፤ አንቺ ደጅ ደጁን ትፈልጊያለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሱቁ የምሄደው በሩጫ ነበር።

አንድ ቀን የቃል ጨዋታውን ለምን ይህን ያህል እንደሚወዱት ጠየቅኳቸው። ቁልፎቹን እየሰበሰቡ መለሱልኝ፦ «ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ጥያቄ ጠየቁ፤ ተነስቼ መለስኩ። ‹አይደለም፣ ተቀመጪ› አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ መጽሐፉን ሳይ ለካ ልክ ነበርኩ። መሳሳትማ የሰው ነው። ልክ ሆኜ መቀመጤ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

ከሦስት ዓመት በፊት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች በአዳራሻቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ውድድር አዘጋጁ። ስልክ ማውጣት ክልክል ነው፤ የሚወዳደሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ከእትዬ ዘነበች ጋር ተመዘገብኩ። ከተወዳዳሪው ሁሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ይታያችሁ፣ ሌሎቹን እየጣልን እየጣልን ሄደን በመጨረሻ ከሳንሱሲ ሰፈር ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር እኩል ሆንን። አንድ ጥያቄ ቀረ።

«ስድስት ፊደል፣ ሁለት ቪ ያለበት» አለ ወጣቱ ዳኛ።

የሳንሱሲዎቹ ጣታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። እትዬ ዘነበች ተነሱ።

«ቬልቬት። ቪ፣ ኢ፣ ኤል፣ ቪ፣ ኢ፣ ቲ።»

ዳኛው ወረቀቱን አየ። «እማማ፣ እዚህ ያለው መልስ ሌላ ነው። ይቀመጡ።»

ቃሉን እኔም አላውቀውም ነበር። ሰው ሊስቅባቸው ነው ብዬ ቀሚሳቸውን ጎተት አድርጌ «እትዬ፣ ይቀመጡ በቃ» አልኩ። እጄን ቀስ ብለው አላቀቁት።

«አልቀመጥም፣ ልጄ» አሉት ዳኛውን። «ወረቀትህ ላይ ባይኖር ሱቄ ውስጥ አለ። ቬልቬት ማለት ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁሩን ጣቃ አምጡልኝ።»

የሱቁን በር ቁልፍ ተቀብለው የሮጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ተቀናቃኞቻችን፣ የሳንሱሲ ልጆች። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ዞሮ ጠበቀ። እሳቸው እንደቆሙ ናቸው። ልጆቹ ጣቃውን በትከሻቸው ተሸክመው እያለከለኩ ገቡ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ጫፉ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አየና ፊደሎቹን ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ ሦስት ላይ ሲደርስ ሕዝቡ ተቀላቀለው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

«ልክ ነዎት፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉና «አሁን እቀመጣለሁ» አሉ። ያ ከፋይ ወደ ሱቅ አልተመለሰም፤ ለመድረኩ መጋረጃ ይሁን ብለው እዚያው ሰጡት። የሳንሱሲዎቹም በሳምንቱ ቁልፍ ሊደረድሩ መጡ።

እትዬ፣ ሳልነግርዎ የቀረሁት ነገር አለ። ያን ቀን ያመኑዎት የማያውቁዎት ልጆች ናቸው። እርስዎ ያስተማሩኝ እኔ ግን ቀሚስዎን ጎተትኩ። በነጋታው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቁልፎቹን ደረደሩልኝ፤ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። እንደሚያውቁት አሁን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ረቡዕ ዕለት አንዲት ልጅ ተነስታ እኔ ካሰብኩት የተለየ መልስ ሰጠችኝ። «ተቀመጪ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። «ቆይ፣ አትቀመጪ፤ አስረጂኝ» አልኳት። ልክ ነበረች። ይህን ልነግርዎ፣ የዚያን ቀኑንም ይቅርታ ልጠይቅዎ፣ በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ልመጣ አስቤ ነበር። ማለዳ ቀደሙኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ደህና ይሁኑ።