ሙሌ የመሰከረለት ሟች

ሙሌ የአዋሽ የምስክርነት ነጋዴ ነው። አባቱ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ሲያጠብቁ ኖረው በላባቸው ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተጎልቶ ፊርማውን ሲቸበችብ ይውላል። ልጅ ልታስመዘግብ መጥተህ ምስክር ጎደለህ? ሙሌ አለ። ለጋብቻም አለ። በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ሰው ከልጅነቴ አውቀዋለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ምን እንደፈረመም አያነብም። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከፊት ለፊቱ ስለሆነ አሥር ዓመት ሙሉ ታዝቤዋለሁ። በዚያ ጥላ ሥር የሚያርፉት ፍየሎች ከእሱ የተሻለ ይሉኝታ አላቸው።

ጥር ላይ ባለሱቁ ሐሰን ሞተ፤ አላህ ይርሀመው። ያኑ ዕለት ከዙህር ሶላት በፊት ቀበርነው። ለባለቤቱ ለአሪፋ የቀራት መጠጊያ ሰመራ ላይ አብረው የሠሩት ቤት ብቻ ነበር። ልጇ ሀምዳ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር፣ ሱቁን ዘግታ ቤቱ ውስጥ ልትገባ አሰበች። የቤቱን ስም ወደ ራሷ ለማዞር መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል። እሷ ደግሞ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ትጠብቃለች እንጂ ቢሮ ለቢሮ አትዞርም። ሙሌ እኔ ልሂድልሽ አለ። ሄደ፣ የሐሰንን ሞት መስክሮ ፈረመ፣ ወረቀቱንም አመጣላት። የሰጠሁህ የባሌ መታወቂያስ ብትለው ፋይል ውስጥ ገብቷል አላት። የገባው ኪሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአሪፋን ዒዳ ከእሷ እኩል ሲቆጥር ከረመ። ሦስተኛው ወር ላይ ከሚሌ ከተማ አንድ ጢማም ሽማግሌ አግኝቶ፣ የሐሰንን የመሰለ ኮፍያ አስደፍቶ ሰመራ ወሰደው። ሰውየው ሐሰን ነኝ ብሎ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ለዚህ ሌላ ምስክር ይፈልግ ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ሙሌ ራሱ ሊመሰክር ተሰለፈ።

ድሮ ቢሆን ይሳካለት ነበር። አዋሽ የቀበረችውን ሰው ሰመራ በሕይወት ታውቀዋለች፤ የሞት መዝገቡ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ይኖር ነበርና። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የሟቾች መዝገብ ቅጂ በየወሩ ሰመራ ለሚገኘው የይዞታ ክፍል ይላካል። ይህን የሚናገር ማስታወቂያ ሙሌ ከሚቀመጥበት በላይ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቀና ብሎ አላነበበውም።

የሆነውን የነገረኝ የይዞታ ክፍሉ ሠራተኛ አብራር ነው። የሻጩን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ከፈለገ በኋላ፣ ሙሌን ሰውየውን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሙሌም እንደ ወንድሜ አለ። አብራር የሞት መዝገቡን ቅጂ አትሞ ፊቱ ላይ አስቀመጠለት።

«ሞተ ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። አለ ብለህ ልትፈርም የመጣኸውም አንተ ነህ። የትኛውን ልያዝ?»

ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ተወና ወደ በሩ ሲያመራ ዘበኛው ያዘው። ሙሌ ፊርማውን አየና፣ እኔ እኮ ሳላነብ ነው የምፈርመው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰጠው ምስክርነት እውነት የሆነችው ይህች ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በዋስ ተለቆ ሲመጣ ሽማግሌ ሰበሰበ። የእኛ ከተማ ሽማግሌዎችም አያፍሩም፤ ሰው ይሳሳታል፣ ጎረቤት ነው፣ ክሱን ተይለት እያሉ ዒዳዋን በጨረሰች ማግስት አሪፋ ቤት ገቡ። ሙሌ አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ቆመ። ዕቃዋን ለሰመራ ስትጠቀልል ነበር የደረሱት። እጇን ሳታቆም እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው።

«እኔን ለምን ትለምኑኛላችሁ?» አለች። «ቤቱን ሊሸጥ የሄደው ሐሰን ነው ብሎ የለ? እንግዲያስ ሐሰን ይቅር ይበለው። ያለበትን ሙሌ ያውቃል፤ ሄዶ ይጥራው።»