አባቴ የተቀበለው ቀኖና

ባለፈው ዐቢይ ጾም ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ የጾም በያይነቱ አዝዤ ነበር፤ አስተናጋጇ ሳህኑን ፊቴ ስታስቀምጥ፣ ከዳር በኩል ጠብ ያለችው ስልጆ ገና ሳልቀምሳት ሰናፍጯ አፍንጫዬን ወጋኝና ዓይኔ በእንባ ተሞላ። ልጅቷ ቃሪያው ያቃጠለኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁ፣ አመሰገንኳት፤ እንባው ግን ሰናፍጩ ከለቀቀኝ በኋላም አልቆመም፤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወደነበረው የልጅነት ቤቴ ይዞኝ ሄደ።

ቤታችን ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚገባው የእርጥብ ደንገልና የጭቃ ሽታ ነው፤ በዚያ ላይ አባቴ ደምሴ አናጢ ስለነበር የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ ሽታ ይጨመርበታል። እናቴ ወራት ሙሉ በሳል ተሠቃይታ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ዐረፈች። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

አባቴ ድሮም ጿሚ ሰው ነው፤ የዚያ ዓመት ጾሙ ግን ሌላ ሆነ። ሰዉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ተመልሶ ሲበላ እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆይና አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ቆርጥሞ ውኃ ይጠጣበታል፤ ከዚያ ጓዳ ገብቶ መስገድ ይጀምራል፤ ጉልበቱ መሬቱን ሲመታ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስግደት በሌለበት በእሑድ እንኳ ይሰግዳል። ግንባሩ ጠቁሮ ሻከረ፣ ሱሪውን በሲባጎ አሰረው፣ ገላውን መታጠብ ተወ። ጎረቤቱ «ይኼ ሰው ሊመንን ነው» እያለ ሲያደንቀው እኔም መጀመሪያ ላይ ኮርቼ ነበር፤ እያደር ግን ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ እንደማያውቅ ገባኝ። ብቻዬን በልቼ፣ ብቻዬን ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ፤ እናቴን የወሰዳት ሞት አባቴንም በጓዳው በር እያሾለከ የሚወስደው ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ የያዘችኝ እትዬ ዘሃራ ናት። አጥራችን አንድ ነበር፤ እሷ ሙስሊም ብትሆንም እኛ በምንጾምበት ወራት ቅቤና ሥጋ የማይነካው ድስት ለይታ አስቀምጣ፣ ሽሮውን በዚያ ሠርታ «አስካል፣ ነይ ልጄ» ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለኛለች፤ ባሏ ያቺን ድስት ሊነካ ሲል የምታወርድበትን ቁጣ መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል።

ጾሙ ወደ እኩሌታው ሲደርስ አባቴ የሰው ቤት ጣሪያ ሲያዋቅር ራሱን ስቶ ከመሰላሉ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ደግፈው ሲያመጡት ራሱ ተሰንጥቆ ደሙ እስከ አገጩ ወርዷል፤ አጥንቱ ባይሰበርም ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም። ያኑ ዕለት ማታ ጓዳ ገብቶ ሊሰግድ ሲል ተደፋ፤ ዘሃራና እኔ አንሥተን አስተኛነው። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ መጣችና «እኔ ብነግረው አይሰማኝም። የናንተኑ ሰው እንጥራ፤ ተነሺ» አለችኝ።

ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ እኔና እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆመን የአባቴን የንስሐ አባት አባ ወልደ ሰንበትን አስጠራናቸው። በረኛው መነኩሴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየ ግራ ቢጋባም ሄዶ ጠራልን። አባ አጭር፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ ከአትክልት ቦታ ስለመጡ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። ዘሃራ ሁሉንም ስትነግራቸው አላቋረጧትም፤ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ከአባትሽ ጋር መጨረሻ አብራችሁ የበላችሁት መቼ ነው?» አሉኝ። አሰብኩ፤ ማስታወስ አቃተኝ። እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው፣ ከገዳሙ አንድ ትንሽ ማሰሮ አስይዘውኝ አብረውን ወረዱ።

አባቴ ሊነሣ ሲሞክር በእጃቸው ምልክት አስቀሩትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ማን እንዳዘዘው ጠየቁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ሥጋዬን እየቀጣሁት ነው አላቸው።

«ሥጋህ ያንተ ነው እንዴ?» አሉት አባ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «በደሙ የገዛው ሌላ ነው። ጹም ስንልህ ለእርሱ አለዝበው፣ አሰናዳው ማለታችን ነው። አንተ ግን የሰው አደራ ተቀብለህ ሰባብረህ ልትመልስ ነው፤ ይህን ማክበር ትለዋለህ?»

ይህን ብለው አባ እኛን ውጡ አሉን፤ እኔና ዘሃራ ጣውላው ክምር ላይ ተቀምጠን ረጅም ሰዓት ጠበቅን። አባቴ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ እንባ አልወጣውም ነበር። ዘሃራ ጆሮዬን በነጠላዋ ሸፈነችልኝ፤ ግን ይሰማል።

ስንጠራ አባ ቀኖናውን እኛም እየሰማን ሰጡት። ከዚያ ቀን እስከ ትንሣኤ በየቀኑ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ ይበላል፤ ስግደቱ አርባ አንድ ይሆናል፣ እሑድ የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገላውን ይታጠባል፣ የእኔንም ጸጉር እሱው ይሠራል። አባቴ የመጀመሪያዎቹን ተቀብሎ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ «አባ፣ ጸጉር መሥራት አልችልም» አላቸው።

«ብትችልማ ምኑን ቀኖና ሆነ?» አሉት።

ማሰሮው ውስጥ የነበረው የገዳሙ ስልጆ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትሪው መካከላችን ቀረበ፤ አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሰኝ፤ ሰናፍጩ ሁለታችንንም አስለቀሰን፤ እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና ከስተሻል አለኝ። እሱ ራሱ አጥንት ብቻ ሆኖ እኔን ከስተሻል ማለቱ እስከ ዛሬ ያሥቀኛል።

ቅዳሜ ሲመጣ የሐይቁን ውኃ በጣሳ አሙቆ ራሴን አጠበኝ። የበር መቃን በዓይኑ ብቻ አይቶ ቀጥ የሚያደርገው ሰው የጸጉሬን መሐል መክፈል አቅቶት መስመሩ እንደ ግሸን መውጫ መንገድ ተጠማዘዘ፤ ዘሃራ አይታ ሥቃ ሥቃ ስታበቃ ፈታችውና ጣቶቹን ይዛ አስተማረችው። በትንሣኤ ዋዜማ ሁለት ሹሩባ አሳምሮ ሠራልኝ። እነዚያ እጆች ግንባሬ ላይ ሲያርፉ፣ ከጸሎቱ ሁሉ ይኼኛው ወደ እግዚአብሔር የደረሰ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ ብዬ መናገር የቻልኩት ግን ካረጀሁ በኋላ ነው።

አድጌ መምህርት ሆኜ ደሴ ቀረሁ። አግብቼ ነበር፤ አልሆነም፤ ልጅም አልወለድኩ። አባቴ በመጨረሻው ክረምት አልጋ ሲይዝ ሄጄ አስታመምኩት። አንድ ቀን ከሰዓት ጀርባውን በሳሙና እያሸሁት ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ ያን ጊዜ ለአባ የተናዘዝኩትን ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት።

«እናትሽ ሳሉ ሲጸናባት እጇን ዘረጋችልኝ» አለ። «በሽታው እንዳይዘኝ ፈርቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ስትሞት አልነካኋትም።»

ይቅር ይልሃል ማለት የካህን ነው፤ የእኔ ማጠብ ነበርና አጠብኩት፤ ጀርባውን፣ ክንዱን፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀውን የአናጢ እጁን፤ አንድ በአንድ ጣቶቹን አደረቅሁለት። እስኪያንቀላፋ እጁን አልለቀቅሁትም። በሳምንቱ ዐረፈ።

ዘሃራ ከእሱ ቀድማ ሄዳለች፤ ልጆቿ ጂዳ ናቸው፣ ቤቷ እንደተቆለፈ ነው። አባ ወልደ ሰንበት ካረፉ ዘመን አልፏል። ዘንድሮ አንድ ጠዋት ሐይቅ ወርጄ በቤታችን ቦታ በኩል አለፍኩ፤ አሁን የሌላ ሰው የብሎኬት ቤት ቆሞበታል። ደጃፉ ላይ ልብስ የምታሰጣ ወጣት ሴት ቆሜ ሳይ አየችኝና በትሕትና «እማማ፣ ሰው ፈልገው ነው? የማን ዘመድ ነዎት?» አለችኝ።

«የአናጢው የደምሴ ልጅ ነኝ» አልኳት።

እንዳታስከፋኝ የተጨነቀች መሰለኝ።

«አላወቅኋቸውም» አለች።

ያጠቡኝ፣ ያጎረሱኝ፣ ጸጉሬን የሠሩኝ እጆች ሁሉ አፈር ውስጥ ናቸው። ልጅ እንደነበርኩ የሚያውቅ አካል በዚህ ምድር ላይ የቀረው የእኔው ብቻ ነው። ልጅቷን ተሰናብቼ መንገድ ዳር ወደሚጠብቀኝ ባጃጅ ሄድኩ።